የዘማች አያታችንን ስም ፍለጋ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። እኛ የብልባላና የአካባቢዋ ገበሬዎች የዚህን ተረት እውነትነት ከየቤታችን እናውቀዋለን። ዘር ሲቆጠር እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ አይጠፋም። ነገር ግን «አያትህ ወታደር ነበሩ አሉ፤ በየትኛው ጦር? በስንት ዓመተ ምሕረት?» ተብለን ስንጠየቅ ብዙዎቻችን ዝም እንላለን። በዚህ ትምህርት የዘማች አያትን ታሪክ በወረቀት እንዴት እንደምንፈልግ እንመለከታለን።

ለትምህርታችን እንዲመች አንድ ቤት በሐሳባችን እናቁም። አንድ ጎልማሳ ሚስቱንና ልጁን ትቶ ከብልባላ ወጣ፤ አዲስ አበባም ገብቶ ክቡር ዘበኛ ተቀጠረ። ቆይቶ «ኮሪያ ዘመተ» የሚል ወሬ መጣ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። እኩሉ ሰው «ተሰውቷል» አለ። እኩሉ ደግሞ «ኧረ የት! ከድቶ፣ ሌላ አግብቶ ተቀምጧል» አለ። ቤተሰቡ ተዝካር ያውጣ አያውጣ ሳያውቅ ኖረ። ልጁም በየገበያው «የከዳተኛ ልጅ» ሲባል አደገ። ዛሬ የልጅ ልጆቹ ማንበብ ችለዋል። ታዲያ እውነቱን ለማግኘት ምን ያድርጉ?

፩. ዘመኑን መለየት

ከሁሉ በፊት አያታችን የዘመቱበትን ዘመን መለየት አለብን። ምክንያቱም የሚፈለገው ወረቀት እንደ ዘመኑ ይለያያል።

በአድዋ ጊዜ፣ በ1888 ዓ.ም.፣ ክተት ሲታወጅ ነጋሪት ይጎሰም ነበር። ዘማቹ ስንቁን ቋጥሮ፣ ጠመንጃ ያለው ጠመንጃውን፣ የሌለው ጦርና ጋሻውን ይዞ አለቃውን ይከተላል። እንደ ዛሬው ተራው ወታደር ሁሉ ቁጥር ተሰጥቶት በቅጥር መዝገብ አይሰፍርም። ስለዚህ ለዚያ ዘመን ዘማች የሚፈለገው የአለቃው ስም ነው። ለምሳሌ የዋጉ ገዥ ዋግሹም ጓንጉል አድዋ ዘምተዋል። የአለቃው የፈረስ ስምም ይረዳል። «የአባ ዳኘው አሽከር ነበሩ» ከተባለ ጌታቸው አፄ ምኒልክ ናቸው። «የአባ ቃኘው» ከተባለ ደግሞ ራስ መኰንን ናቸው።

ከዚያ በኋላ የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሆነ። ከማይጨው በኋላም በዋግና በላስታ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ሕዝቡን አስነሥተው ጣሊያንን ተዋጉ፤ በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይም ተሰዉ። የአርበኛ ልጆች ከሆንን የምንጠይቀው «አባታችን ከማን ጋር ሸፈቱ? የት ተዋጉ?» ብለን ነው። ከነጻነት በኋላ ለአርበኞች ሜዳይ ተሰጥቷል፤ ሜዳዩና የምስክር ወረቀቱ በሣጥን ውስጥ ካሉ ጥሩ ማስረጃ ናቸው።

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ የጦሩ አሠራር ተለወጠ። የተቀጠረ ወታደር ስሙ፣ ቁጥሩ፣ ማዕረጉና ክፍሉ ይመዘገባል። በሐሳባችን ያቆምነው ሰው የዚህ ዘመን ሰው ነው። በ1975 ዓ.ም. በወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የዘመቱትም ዛሬ አያት ለመሆን በቅተዋል። እነርሱን ግን ፈጥነን ከራሳቸው አፍ እንጠይቅ።

፪. ቤት ያለውን መሰብሰብ

ሩቅ ከመሄዳችን በፊት ሣጥኑን እንክፈት። የምንፈልገው የቅጥር ወረቀት፣ የስንብት ወረቀት፣ የጡረታ ደብተር፣ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍና ሜዳይ ነው። አንዲት ቁራጭ ወረቀትም ብትሆን አትናቅ። ጥብጣቡ ሰማያዊና ነጭ ሰንበር ያለበት ሜዳይ ከተገኘ የተባበሩት መንግሥታት ለኮሪያ ዘማቾች የሰጡት ሊሆን ይችላል። ከፎቶግራፍ ጀርባ ጽሕፈት ካለ ቁጥርም ሆነ ቀን እንዳለ ይገልበጥ።

ቀጥሎ እማማንና አባባን እንጠይቅ። «በስንት ዓመተ ምሕረት ሄዱ?» ብንላቸው «እኔ ምኑን አውቄው!» ይሉናል። «ሲሄዱ ማን ተወልዶ ነበር? አዝመራው እንዴት ነበር? ወሬያቸውን ማን አመጣው?» ብንላቸው ግን ያስታውሳሉ። የሚነግሩንን እኛ እንደመሰለን ሳናቃና፣ እነርሱ እንደተናገሩት እንጻፈው። የተናገረውን ሰው ስምና የተጻፈበትን ቀንም እንጨምር።

፫. የኮሪያ ዘማቾች

ወደ ኮሪያ የተላከው ጦር ቃኘው ሻለቃ ይባላል። ወታደሮቹ የተመረጡት ከክቡር ዘበኛ ነው። አንደኛው ቃኘው ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ሄደ። ሁለተኛው በ1944፣ ሦስተኛው በ1945 ዓ.ም. ተከተሉ። እዚያም በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሆነው ተዋጉ። ተኩሱ በሐምሌ 1945 ዓ.ም. ቆመ። እንግዲህ «ስንተኛው ቃኘው?» የሚለው ጥያቄ ሲመለስ ዓመቱም አብሮ ይታወቃል።

በዚያ ጦርነት ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ተሰዉ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። የተሰዉት አስከሬናቸው ወደ አገር መጥቶ አዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። ስማቸው ደግሞ በኮሪያ፣ ቡሳን በምትባለው ከተማ፣ በተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር በድንጋይ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል።

የአያታችን ስም ከእነዚህ መካከል ከተገኘ ስድቡ ወደቀ፤ ተዝካራቸውም በክብር ይወጣል። ስማቸው ካልተገኘስ? «እንግዲያው ከድተዋል» ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። ከኮሪያ በሰላም ተመልሰው ሌላ ቦታ ተመድበው፣ ወይም ታመው ሞተው ሊሆን ይችላል። ደግሞም ስሙ በሌላ አጻጻፍ ሰፍሮ ሊሆን ይችላል።

፬. የስም ነገር

ብዙ ፈላጊ የሚሰናከለው በስም ነው። ፊደል ስንማር ሀ፣ ሐ፣ ኀ በድምፅ አንድ መሆናቸውን አይተናል። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐ እንዲሁ ናቸው። ጸሐፊው «ኃይሉ» ወይም «ሃይሉ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ በሁሉም ዓይነት አጻጻፍ እንፈልግ።

በውጭ አገር መዝገብ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ የ«ቀ» እና የ«ከ»፣ የ«ጠ» እና የ«ተ»፣ የ«ጨ» እና የ«ቸ» ልዩነት ይጠፋል። ፈረንጆች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ያደርጉታል። ኃይሉ ፀጋዬ የሚባል ሰው በ«ፀጋዬ» ተራ ይገኛል ማለት ነው። ስለዚህ የአባትና የአያት ስም ሳንይዝ ፍለጋ አንጀምር። የክርስትና ስም፣ የዓለም ስምና ቅጽል ስም ካላቸውም ሁሉንም እንጻፍ።

ዓመቱም ያሳስታል። የፈረንጆች ዓመት ከእኛ ይበልጣል። ከመስከረም መባቻ እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 እንቀንሳለን። 1951 ሚያዝያ ላይ ከሆነ የእኛ 1943 ነው።

፭. የት እንጠይቅ?

ለወታደር ማኅደር የሚጠየቀው የመከላከያ ሚኒስቴር ነው። ጡረታ ይቀበሉ ከነበረ የጡረታ መሥሪያ ቤት ይጠየቃል። ለኮሪያ ዘማች የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር፣ ለአርበኛ የአርበኞች ማኅበር አለ። ሰው ሁሉ ወመዘክር የሚለው በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ደግሞ አሮጌ ሰነዶችና ጋዜጦች ይገኙበታል።

ከላስታ አዲስ አበባ ሩቅ ነው፤ ስንቁም ወጪ አለው። ስለዚህ በባዶ እጅ አንሂድ። በአንድ ወረቀት ላይ የዘማቹን ስም እስከ አያት፣ የትውልድ ቦታ፣ የሄዱበትን ዓመት፣ ቁጥራቸውን፣ ክፍላቸውንና የእኛን ዝምድና እንጻፍ። ዋናውን ወረቀት ለማንም ሰጥተን አንምጣ፤ ቅጂውን እንስጥ።

ማጠቃለያ

ወረቀት ብቻውን አይበቃም፤ ቃልም ብቻውን አይበቃም። እማማ የሚያውቁትን መዝገብ አያውቀውም፤ መዝገብ የያዘውንም እማማ ላይሰሙት ይችላሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ግን የሰው ስም ከሐሜት ይወጣል። መዝገቡ ለዓመታት ይጠብቀን ይሆናል። ሽማግሌው ግን አይጠብቁንም። ስለዚህ ዛሬ ማታ፣ እሳት ዳር ስንቀመጥ፣ ደብተርና እርሳስ ይዘን እንጠይቃቸው።

ጥያቄዎች

1. የአድዋን ዘማች ስንፈልግ የአለቃውን ስም የምንጠይቀው ለምንድን ነው?
2. ሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ የሄደው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?
3. የአንድ ዘማች ስም በመዝገብ ባይገኝ «ከድቷል» ማለት ለምን ስሕተት ይሆናል?
4. የራሳችሁን ስም ስንት ዓይነት አድርጎ መጻፍ ይቻላል? በደብተራችሁ ጻፉ።
5. ከቤተሰባችሁ የዘመተ ሰው አለ? ስሙን እስከ አያት፣ ዘመኑንና አለቃውን ጠይቃችሁ ጻፉ።