የምስክሩን ስምና ዘመን ማጽናት፦ በሕክምና ጥናቶች ስለ ዋቢ አጻጻፍ የተዘጋጀ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ቃል ያለ ባለቤት አይነገርም። የመጻሕፍት መምህሩ ምሥጢሩን ሲያብራራ መጽሐፉን፣ ምዕራፉንና ቁጥሩን ይጠራል፤ ደቀ መዝሙሩም ትምህርቱን ከማን እንደ ተቀበለ ይናገራል። በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ወርቅ ማርያም ጉባኤያት ለተማረ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በሕክምና መጽሔት «ዋቢ» የሚባለውም ጸሐፊው ቃሉን ከየት እንዳገኘ የሚያሳይ፣ አንባቢውም ሄዶ እንዲመረምር መንገዱን የሚያመለክት ምስክር ነው።

ዛሬ ከየአጥቢያችን የወጡ ነርሶች፣ የጤና መኮንኖችና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጥናት እያዘጋጁ ለመጽሔት ይልካሉ። አጥኚዎችም የድጋፍ ደብዳቤ ይዘው ወደ እኛ ይመጣሉ። ስለዚህ ትምህርቱ ለሚጽፉ ልጆቻችንም፣ መረጃ ለሚሰጡ አባቶችም ይጠቅማል።

ከጎንቻ ሲሶ እነሴ የወጣ ምስክርነት

በብቸናና በሞጣ መካከል በሚገኘው የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ2006 ስለ ዓይን ማዝ (ትራኮማ) ሰፊ ጥናት ተጀመረ። ለሕዝቡ በጅምላ የተሰጠው አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት ነበር። በ2009 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመው ውጤት እንዲህ የሚል ነው፦ መድኃኒቱ ባልተሰጠባቸው ቀበሌዎች ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ 1000 ሕፃናት በዓመት 8.3 ያህሉ ሲሞቱ፣ በተሰጠባቸው 4.1 ያህሉ ሞተዋል።

ይህ ምስክርነት በዋቢነት እየተጠቀሰ ከወረዳው ርቆ ሄደ። በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛንያ ከፍ ያለ ጥናት ተደርጎ በ2018 ታተመ። በዚያ የሕፃናት ሞት የቀነሰው በግማሽ ሳይሆን ከመቶ 14 ገደማ ነበር። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ብቻ ይዞ «መድኃኒቱ በየትም ሀገር ሞትን በግማሽ ይቀንሳል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ዋቢ ቢጠቅስም እውነቱን አላደረሰም። ዋቢ የሚጻፈው ጽሑፉ ከተነበበ በኋላ ነው፤ ከሌላ ሰው ዝርዝር ሳያነቡ መቅዳት ያላዩትን እንደ መመስከር ይቆጠራል።

የአጻጻፉ ሥርዓት

አብዛኞቹ የሕክምና መጽሔቶች የሚከተሉት «ቫንኩቨር» የተባለውን ስልት ነው። ስሙን ያገኘው የመጽሔት አዘጋጆች በ1978 እ.ኤ.አ. ከተሰበሰቡባት የካናዳ ከተማ ነው። ዋና ዋና ሕጎቹ እነዚህ ናቸው፦

1. ዋቢዎች በጽሑፉ ውስጥ መጀመሪያ በተጠቀሱበት ቅደም ተከተል 1፣ 2፣ 3 እየተባሉ ይቈጠራሉ። አንድ ዋቢ ደግሞ ቢጠቀስ የቀድሞ ቁጥሩን ይይዛል።

2. የመጽሔት ጽሑፍ ሲሆን የጸሐፊዎቹ ስም፣ የጽሑፉ ርእስ፣ የመጽሔቱ ስም በአጭሩ፣ ዓመቱ፣ ቅጹ፣ ቁጥሩና ገጹ በተከታታይ ይሰፍራሉ። ከላይ ያነሣነው ጥናት መጨረሻው «2009፤302(9)፦962-8» ተብሎ ይጻፋል። ይኸውም በ2009 ዓመት፣ ቅጽ 302፣ ቁጥር 9፣ ከገጽ 962 እስከ 968 ማለት ነው።

3. ጸሐፊዎቹ ከስድስት ቢበልጡ፣ በብዙ መጽሔቶች የመጀመሪያዎቹ ስድስት ተጽፈው «እና ሌሎች» ይባላል። መጽሔቶች በዝርዝሩ ስለሚለያዩ ጽሑፉ ከመላኩ በፊት የመጽሔቱ የጸሐፊዎች መመሪያ ይነበብ።

4. ከአንድ አባት በቃል የተሰማ ነገር በዋቢ ዝርዝር አይገባም። የግድ ካስፈለገ የተናጋሪው ስምና ቀኑ በጽሑፉ ውስጥ በቅንፍ ይቀመጣል፤ የጽሑፍ ፈቃዳቸውም አስቀድሞ ይጠየቃል።

በሞጣ በኩል ዓባይን የሚሻገረው የጥንት ድልድይ አንድ ቅስቱ ቢፈርስ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። ሌሎቹ ቅስቶች ቆመው ሳሉ መንገደኛው በገመድ እየተሳበ ለመሻገር ተገደደ። በዋቢም ዓመቱ ወይም ገጹ ቢሳሳት፣ የቀረው ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ አንባቢው ከምንጩ ሳይደርስ ይቀራል።

ስለ ስማችን

የቫንኩቨር ስልት የቤተሰብን ስም ያስቀድምና የራስን ስም በመጀመሪያ ፊደል ብቻ ያመለክታል። እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም፤ በሁለተኛነት የሚጻፈው የአባት ስም ነው። በጎንቻው ጥናት ከተሳተፉት ኢትዮጵያውያን አንዱ ተሾመ ገብሬ በዋቢ ዝርዝር «ገብሬ ተ.» ተብለው ይገኛሉ። የአባታቸው ስም በሙሉ ሲጻፍ የራሳቸው አንዲት ፊደል ሆኗል። ሥርዓቱን ብቻችንን ልንለውጠው ባንችልም ጉዳቱን ልንቀንሰው እንችላለን።

ከሁሉ የሚከፋው በጥምር ስሞች ላይ የሚደርሰው ነው። የአባቱ ስም ገብረ ማርያም የሆነ አጥኚ በእንግሊዝኛ ስሙን ነጣጥሎ ቢጽፍ፣ «ማርያም» የቤተሰብ ስም ተደርጎ «ገብረ» አንዲት ፊደል ሆኖ ይቀራል። «የማርያም አገልጋይ» የሚለው ትርጉም ጠፍቶ ጸሐፊው ማርያም ትባላለች ማለት ነው። ስለዚህ ጥምር ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ሳይነጣጠል እንደ አንድ ቃል ይጻፍ። ጸሐፊውም በመጀመሪያ ጽሑፉ የመረጠውን የፊደል አጻጻፍ በኋለኞቹም አይለውጥ፤ ኦርሲድ የተባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥር ቢያወጣ ሥራው ከስመ ሞክሼው ሥራ ይለያል።

ስለ ዘመን አቆጣጠር

በየወረዳው የሚገኙ ሪፖርቶች የሚጻፉት በእኛ አቆጣጠር ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ሲደመር የአውሮፓውያኑ ዓመት ይገኛል። ወሩ ያልተጻፈበት ሪፖርት ግን ወደ የትኛው ዓመት እንደሚመለስ አይታወቅም። የአማርኛ ሪፖርት ሲጠቀስ ርእሱ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ በማዕዘን ቅንፍ ይቀመጣል፤ በመጨረሻም ቋንቋው አማርኛ መሆኑ ይገለጻል።

ከሰበካ ጉባኤያት የሚጠበቅ

በየጊዜው በምናዘጋጀው ሪፖርት ላይ የአጥቢያው፣ የወረዳውና የሀገረ ስብከቱ ስም፣ ያዘጋጀው ክፍል፣ ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት፣ የገጽ ቁጥርም ይኑር። ስለ ውኃ ጉድጓድ፣ ስለ መጸዳጃ ወይም ስለ ሕሙማን እርዳታ የጻፍነው ያለ እነዚህ ማንም ሊጠቅሰው አይችልም፤ የምእመናን ድካምም ሳይመሰከርለት ይቀራል።

አጥኚ ሲመጣ የሥነ ምግባር ፈቃዱን አይተን፣ ጥናቱ ሲታተም ሙሉ ዋቢውንና አንድ ቅጂ እንዲልክልን በደብዳቤ እናስፈርም። የደረሰንን ቅጂ በአጥቢያው መዝገብ ቤት እናኑር። በሰንበት ትምህርት ቤት ያሉ ተማሪዎቻችን ስለ ገዛ ወረዳቸው የተጻፈውን ከእጃቸው አግኝተው ያንብቡ፤ ሲጽፉም የቀደሟቸውን በስማቸው ይጥሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።