ስለ ዶሮ አበላለትና ስለ ወጥ ቤት መቀስ

በኢትዮጵያ ዶሮን በየብልቱ ለይቶ ወጥ መሥራት ከጥንት የቆየ የባልትና ሥራ ነው። ባለሞያዋ ሴት የምትመሰገነውም በበርበሬው ቀለምና በሽንኩርቱ ብስለት ብቻ አይደለም፤ ዐሥራ ሁለቱን ብልት አጥንት ሳትሰብር አውጥታ በመልኩ ስታቀርብ ነው። ፈረሰኛ የሚባለው ብልት በብዙ ቤት ለአባወራው ይሰጣል፤ የቀረውም ብልት እንደየቤቱ ልማድ በዕድሜና በክብር ይታደላል። አጥንቱ ተቀጥቅጦ ብልቱ በተበላሸ ጊዜ ግን የአንዱ ድርሻ ከሌላው ጋራ ይደባለቃል፤ ስንጣሪውም በወጡ ውስጥ ይቀራል። ሽማግሌ በድርሻው ቢያዝን በይቅርታ ያልፋል፤ በሕፃን ጉሮሮ የተሰካ የአጥንት ስንጣሪ ግን በይቅርታ አይወጣም።

ዛሬ በከተማ ሱቅ ለዶሮ አጥንት ተብሎ የተሠራ ወፍራም መቀስ ይሸጣል። የውጭ ዕቃን መርምሮ መግዛት ለኢሉባቦር ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተደረገው ውል መሠረት የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተከፈተ በኋላ፥ በክረምት በባሮ ወንዝ በመርከብ የመጣው ሸቀጥ ወደ ጎሬ ይወጣ፥ ቡናውም በዚያው መንገድ ይወርድ ነበር። ስለ መቀሱ ግን ሁለት የተሳሳተ አሳብ በሰው ዘንድ ይገኛል። አንዱ፥ መቀስ ካለ ቢላዋ አያስፈልግም የሚል ነው። ሁለተኛው፥ መቀስ ለጨርቅ እንጂ ለሥጋ ምን ያደርጋል የሚል ነው። ነገሩን ለይቶ ለማወቅ አስቀድሞ የዶሮን አጥንት መመልከት ያሻል።

መቀሱን የሠሩት ሰዎች ይልቁንም ያሰቡት ለሥጋ ተብሎ በፍጥነት ለሚረባው የፈረንጅ ዶሮ ነው። ይህ ዶሮ በስድስት ወይም በሰባት ሳምንት ዕድሜው የሚታረድ ስለ ሆነ አጥንቱ ገና ለጋ ነው፤ የደረቱም አጥንት ጫፍ እንደ ጆሮ ይለመጣል። በመቱ ዙሪያ በየደጁ እየጫረ የሚያድገው አውራ ዶሮ ግን ብዙ ጊዜ ዓመት የሞላው ወይም ያለፈው ነው፤ አጥንቱ ጠንክሯል፥ ጅማቱም ከርሯል። በእንዲህ ያለው ዶሮ ጭንና ቅልጥም ላይ መቀሱን ያሳረፈ ሰው ከሁለት አንዱ ያገኘዋል፤ ወይ ስለቱ ይሸረፋል፥ ወይ አጥንቱ ተፈርክሶ ይሰነጠራል። ስለዚህ ወፍራሙ አጥንት ፈጽሞ አይቆረጥም። መጋጠሚያው ተፈልጎ በቢላዋ ይለያል እንጂ። መቀሱ የሚጠቅመው ቢላዋ በሚያንሸራትትበት ቦታ ነው፤ ይኸውም የጎን አጥንቶች፥ የጀርባው ግራና ቀኝ፥ የክንፉ ጫፍና አንገቱ ናቸው።

መጥረቢያና ፋስ ለዚህ ሥራ ከሁሉ የከፉ ናቸው። የሚቆርጡት በክብደታቸው እየመቱ ስለ ሆነ አጥንቱን ያደቁታል፤ ስንጣሪውም እስከ ሥጋው ውስጥ ይገባል። ደግሞም የሚቆረጠው ሁሉ በጥሬው መቆረጥ አለበት። ጥሬ አጥንት እርጥበት ስላለው በስለት ፊት ይሸነፋል፤ የበሰለው ግን እርጥበቱን አጥቶ እንደ ደረቀ ሸምበቆ ይሰነጠራል። ወጡ ከወጣ በኋላ ብልቱ ተልቋል ብሎ በምጣዱ ዳር አጥንት የሚሰብር ሰው ቤተ ሰቡን ለአደጋ ያጋልጣል።

የመቀስ አሠራር ለትምህርት ቤት ጥሩ የሥነ ፍጥረት ትምህርት ይሆናል። ሰው ከባድ ድንጋይ በረጅም እንጨት ፈንቅሎ እንደሚያነሣ፥ መቀስም በብሎኑ ላይ የተደገፉ ሁለት መፈንቅሎች ነው። እጁ ከብሎኑ 12 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቢይዝ፥ አጥንቱም ከብሎኑ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ርቆ ቢቀመጥ፥ የእጁ ኀይል አራት ጊዜ ይበዛል፤ 10 ኪሎ የጨመቀ እጅ አጥንቱን በ40 ኪሎ ይጫነዋል። ያው አጥንት ወደ ጫፉ ተገፍቶ ከብሎኑ 8 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ ግን የሚያርፍበት ኀይል 15 ኪሎ ብቻ ነው። አስተማሪው ይህን በሰሌዳ ላይ ካሰላ በኋላ አንድ እርጥብ የቡና ጭራሮ አምጥቶ፥ ተማሪው አስቀድሞ በመቀሱ ጫፍ፥ ቀጥሎም በብሎኑ አጠገብ እንዲቆርጠው ቢያደርግ፥ ልጁ ስሌቱን በእጁ ያውቀዋል፤ እንዲህ የታወቀ ሒሳብም አይረሳም። ረጅም ስለት ያለው አጭር እጀታ ያለው መቀስ ለዐይን ቢያምርም ለአጥንት የማይሆነው ስለዚህ ነው።

ለመግዛት የሄደ ሰው እንግዲህ አስቀድሞ እጀታው ከስለቱ የሚረዝመውን ይፈልግ። ቀጥሎ ስለቶቹን ይመልከት፤ አንደኛው ስለት ጥቃቅን ጥርስ ቢኖረው እርጥቡን አጥንት ይዞ እንዳይንሸራተት ያደርጋል፥ ሁለተኛው ልሙጡ ይቆርጣል። በአንዳንዱ መቀስ በብሎኑ አጠገብ እንደ ግማሽ ጨረቃ የተቦረቦረ ቦታ አለ፤ ይህም ክቡ አጥንት የሚገባበት ነው። በእጀታዎቹ መካከል ያለው ሞላ መቀሱን በራሱ ስለሚከፍተው የሠራተኛውን ጣት ያሳርፋል፤ ዳሩ ግን ቀጭን ሞላ ቶሎ ይሰበራል፥ በሥሩም የሥጋ ቅሬታ ይቋጥራል። ሞላ የሌለው ግን ብሎኑ የጸና መቀስ፥ ሞላ ካለው ልፍስፍስ መቀስ ይሻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ግን የመቀሱ ሁለት ክፍል መለያየቱ ነው። በሰፊው ሲከፈት ከብሎኑ ላይ ወጥቶ ለሁለት የሚሆን መቀስ አለ፤ በችንካር ተመትቶ የማይለያይም አለ። የማይለያየው መቀስ በመጋጠሚያው ውስጥ ደምና ስብ ይዞ ያድራል፤ ምንም ያህል ቢታጠብ ውስጡ አይጠራም። ባለ ሱቁ በዋጋ ቢያባብልም ገዢው በዚህ ነገር መሸነፍ አይገባውም።

መቀሱን ለመፈተን አጥንት አያስፈልግም። እርጥብ የሻሽ ጨርቅ ይዞ በስለቱ ጫፍ መቁረጥ ይበቃል፤ ጨርቁ በንጽሕና ከተቆረጠ ስለቶቹ ተገናኝተዋል ማለት ነው፥ በመካከላቸው ታጥፎ ከገባ ግን ብሎኑ ላልቷል ወይም ስለቱ ጠምሟል። በግራ እጅ ለሚሠራ ሰውም ልዩ መቀስ ይሠራል። የተለመደው መቀስ በቀኝ እጅ ሲጨመቅ ስለቶቹ ይጠጋጋሉ፥ በግራ ሲጨመቅ ግን ይራራቃሉና፤ በግራ እጁ መቀስ ሲይዝ የሚያኝክበትን ልጅ ሰነፍ ብሎ መገሠጽ ፍርድ ማጓደል ነው።

ስለ ብረቱም ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። በ1905 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ሃሪ ብሪርሊ የተባለ ሰው ክሮሚየም የሚባል ማዕድን ከብረት ጋራ አቅልጦ ዝገትን የሚቋቋም ብረት አወጣ። የማይዝግ ብረት የሚባለው ዛሬ ከ100 እጅ ቢያንስ 10.5 እጅ ክሮሚየም ያለበት ነው። ማግኔት ከሳበው ሐሰተኛ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ለስለት የሚሆነውን ጠንካራውን የማይዝግ ብረት ማግኔት ይስበዋልና በዚህ መፍረድ አይቻልም። ደግሞም ስሙ የማይዝግ ይባል እንጂ ጨውና ሎሚ ነክቶት ሳይታጠብ ካደረ ይበሰብሳል። የኢሉባቦር ምድር በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናም የሚዘንብበትና ጭጋጉም የሚበዛበት ስለ ሆነ፥ በደረቅ ቆላ ዓመታት የሚቆይ መቀስ በመቱ በአንድ ክረምት ሊበላሽ ይችላል።

ወደ አሠራሩ ስንመለስ፥ ማረድ የቢላዋ ሥራ ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም እንደየሃይማኖቱ ባርኮ በስለታም ቢላዋ ያርዳል፤ መቀስ በዚህ አይገባም። ዶሮው ተነጭቶ፥ ተለብልቦ፥ ቆዳውም ከተገፈፈ በኋላ ጭኑን ወደ ውጭ ማጠፍ ነው፤ የአጥንቱ ራስ ከማደሪያው ብቅ ይላል፥ ቢላዋውም በዚያ ክፍተት ያለ ድካም ያልፋል። ጭኑና ቅልጥሙ በጉልበቱ መታጠፊያ ይለያያሉ። ክንፉም እንዲሁ ነው። ቢላዋው ከከበደ አጥንት ላይ አርፏልና ቦታውን መለወጥ እንጂ መግፋት አይገባም። ከዚህ በኋላ መቀሱ ይነሣል። ከኋላ በኩል ገብቶ የጀርባውን አጥንት በግራና በቀኝ እየተከተለ የጎን አጥንቶቹን አንድ ባንድ ይቆርጣል፤ ደረቱም ከጀርባው ይለያል። የመቀሱ ጫፍ ደነዝ የሆነው ወደ ውስጥ ይዙር። ሹሉ ጫፍ ወደ ውስጥ ከዞረ አንጀቱን ይበሳል፥ ሐሞቱንም ያፈሳል፤ ሐሞት የፈሰሰበትን ሥጋ የቀመሰ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። ዶሮውን የያዘው እጅ በንጹሕ ጨርቅ ቢይዝ አይንሸራተትም፤ ጣትም ከስለቱ መንገድ ይራቅ። በመጨረሻው ብልቶቹ ሁሉ በጣት ይዳሰሳሉ፥ የተገኘው ስንጣሪ ይለቀማል። የብልቱ ስምና አቈጣጠር ከቤት ወደ ቤት ስለሚለያይ ደረቱና ጀርባው በስንት እንደሚከፈል የቤቱ ባለሞያ ታውቃለች።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም ሕፃን ስንጣሪ የዋጠ እንደ ሆነ፥ በብዙ ቤት ትልቅ የእንጀራ ጉርሻ አጉርሶ ገፍቶ ማውረድ ልማድ ነው። ልማዱ ግን አደገኛ ነው፤ ጉርሻው ስንጣሪውን ወደ ጉሮሮው ግድግዳ ይበልጥ ሊሰካው ይችላል። ልጁ ሲውጥ ካመመው፥ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ከዝረከረከ፥ ወይም ደም ከተፋ፥ ምግብም መጠጥም ሳይሰጡት ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ማድረስ ነው፤ ለመቱና ለአካባቢዋ የመቱ ካርል ሆስፒታል አለ። ትንፋሹ ከታገደ ግን ሐኪም እስኪደርሱ አይጠበቅም። ከዓመት በላይ የሆነውን ልጅ ወደ ፊት አጐንብሶ በትከሻዎቹ መካከል አምስት ጊዜ በመዳፍ ማጆል፥ ካልወጣም ከኋላ አቅፎ ከእምብርቱ በላይ አምስት ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ መጫን፥ እስኪወጣም ይህን እያፈራረቁ መድገም ይገባል።

የጥሬ ዶሮ ሥጋ በዐይን የማይታዩ፥ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉ በሽታ አምጪ ሕዋሳት ይገኙበታል። እነዚህ ሙቀቱ እስከ ሥጋው መካከል 74 ዲግሪ ሲደርስ ይሞታሉ፤ ስለዚህ ረጅም ሰዓት የተንተከተከ ዶሮ ወጥ አያሠጋም። የሚያሠጋው መቀሱ ነው። ዶሮ የቆረጠ መቀስ ሳይታጠብ ቃሪያ ወይም ሰላጣ ቢቆርጥ፥ በእሳት ያላለፈውን ምግብ ይበክላል። በሎሚና በጨው መታሸት ሽታውን ያርቃል እንጂ ሕዋሳቱን አያጠፋም፤ የማጠቢያው ውሃ ፍንጣቂም በአጠገቡ ያለውን ዕቃ ይበክላል። እንግዲህ ዶሮ ለማጠብ ልዩ ገበታ ይለይ፥ በአቅራቢያውም በጥሬው የሚበላ ነገር አይቀመጥ። መቀሱ ተለያይቶ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ይታጠብ፥ የፈላ ውሃ ይፍሰስበት፥ ወዲያውም በደረቅ ጨርቅ ተወልውሎ እስኪደርቅ ሳይገጠም ይቈይ።

ስለ ጅግራና ስለ ቆቅ ብዙ መናገር አያስፈልግም። በዐዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን የተከለከለ ነው፤ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የያዩ የቡና ደንም በመቱ ጎረቤት ስላለ ይህን ማስታወስ የሽማግሎች ፈንታ ነው። በፈቃድ የታደነ ጅግራ ከሆነ፥ እግሩ ከዶሮ ይልቅ ጅማታም ስለ ሆነ በመጋጠሚያው በቢላዋ ይለያል። በርሽ የተመታ እንደ ሆነም ጥቃቅኑ እርሳስ መርዝ ነውና፥ የቆሰለው ሥጋ ከዙሪያው ጋራ ሰፋ ተደርጎ በመቀስ ተቆርጦ ይጣላል።

መቀሱ ሲደነዝ ልሙጡ ስለት ብቻ፥ ያውም በውጭ በኩል ባለው ሰያፍ፥ በመሳያ ድንጋይ ይሳላል። ጥርስ ያለው ስለት አይነካም፤ ሁለቱ የሚተሻሹበት የውስጥ ገጽም ከተሞረደ ዳግመኛ አይገናኙም። ብሎኑ የላላውን የመንደሩ ቀጥቃጭ ያጠብቀዋል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በዐዋጅ የከለከሉ ሲሆኑ፥ ዛሬም በሥውር የሚንቀው አይጠፋም፤ መቀሱ ሲሰበር ግን የሚፈለገው እርሱ ነው። ከጥገናው በኋላ በመጋጠሚያው ላይ አንዲት ጠብታ የምግብ ዘይት ተደርጋ ትወለወላለች። መቀሱም ከወለሉ እርጥበት ርቆ፥ ልጅ በማይደርስበት ሚስማር ላይ ይሰቀላል።