የመላሃ የመኪና እሽቅድምድም መስመር፦ አነሣሡና መተዉ

በጣሊያን ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው ትሪፖሊ የመኪና እሽቅድምድም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። በኋላ በመላሃ የጨው ሐይቅ ዙሪያ የተሠራው መስመር 13.1 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። በ1933 ውድድሩ ከሎተሪ ጋር ተቆራኘ፤ አኪሌ ቫርዚም ታዚዮ ኑቮላሪን በጥቂት ክፍልፋይ ሰከንድ ቀድሞ አሸነፈ። ከ1937 እስከ 1939 ድሉ የጀርመናዊው የሄርማን ላንግ ነበር።

የመጨረሻው ውድድር የተካሄደው በግንቦት 1940 ሲሆን በቀጣዩ ወር ጣሊያን ጦርነት ገባች። ከጦርነቱ በኋላ በአጠገቡ የነበረው የአየር ማረፊያ እስከ 1970 ድረስ የአሜሪካ ጦር ሰፈር ሆነ፤ ዛሬ ሚቲጋ አውሮፕላን ማረፊያ ይባላል። የእሽቅድምድም መስመሩ ግን ወደ አገልግሎት አልተመለሰም።

ይኸው መንግሥት በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ያሠራው መንገድ ዕጣ ከዚህ የተለየ ነው። ወደ ቦንጋና ወደ ማንኪራ የሚያመራ ተጓዥ ዛሬም በዚሁ አቅጣጫ ያልፋል። ሁለቱም የተሠሩት ለገዢው ጥቅም ነበር፤ ነገር ግን መንገዱን ነጋዴውና ቡና ጫኙ የራሳቸው አድርገውታል። የመላሃ መስመር ከውድድሩ ቀን ውጭ የሚፈልገው ስላልነበረ፣ ገንዘብ የሚያወጣለት ገዢ ሲወድቅ አብሮ ወደቀ። እንግዲህ የአንድን ግንባታ ዕድሜ የሚወስነው የሠሪው ኃይል ሳይሆን የዕለት ተዕለት ተጠቃሚው ነው።