የሰፈር መንገድ ስንት ሜትር ይሁን?

ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። ስሟ መንገድ የሆነው ከተማም ሆነች ጎረቤቷ ቡሬ ሲሰፉ፣ በአዲሱ ሰፈር ከቤቱ በፊት መንገዱ ሊለካ ይገባል።

ልኩን አብረን እናስላ። የአንድ ጭነት መኪና ወርድ 2 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ሁለት መኪናዎች ሲተላለፉ 5 ሜትር ይይዛሉ። እንዳይነካኩ 1 ሜትር እንጨምር፤ 6 ሜትር ሆነ። በግራም በቀኝም ለእግረኛ 1 ሜትር ተኩል፣ ለውሃ ቦይ ደግሞ ግማሽ ሜትር እንተው። ጠቅላላው 10 ሜትር ነው። ገመድ ይዘን ደጃችን ላይ ብንለካው ስፋቱ ይታየናል።

ቦዩን እንደ ትርፍ ነገር የሚያየው ሰው ብዙ ነው። የጎጃምን ክረምት እናውቀው የለም እንዴ! በሐምሌና በነሐሴ ቦይ የሌለው መንገድ ራሱ ወንዝ ይሆናል። በ1970ዎቹ ዓመታት መጨረሻ፣ በመንደር ምሥረታ ጊዜ፣ ቤቶች በቀጥታ መስመር ይሰለፉ ነበር። መስመሩ ለዓይን ያምራል፤ ውሃ ግን የሚሄደው በተዳፋቱ እንጂ በገመዱ አይደለም።

አጥርም ነገር አለው። ከሁለቱም ወገን በየዓመቱ አንድ አንድ ክንድ ወደ መንገዱ ተገፋ እንበል። አንድ ክንድ ግማሽ ሜትር ያህል ነው። በ8 ዓመት ከ10 ሜትሩ የሚተርፈው 2 ሜትር ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሌሊት ምጥ የያዛት እናት አምቡላንስ ደጇ አይደርስላትም፤ በቃሬዛ እስከ ዋናው መንገድ ትወሰዳለች።