ለእናታችሁ ጠብታ ከመላካችሁ በፊት

ግላኮማ እንዳለብኝ የሰማ የአገሬ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «የምታደርገው ጠብታ ስሙ ማን ይባላል? ለእማዬ ልልክላት ነው።» ስሙን አልናገርም። ለምን እንደማልናገር እዚህ ልጻፈው፤ ስልክ ላይ ለእያንዳንዱ ማስረዳት ሰልችቶኛል።

እዚህ አሜሪካ የራሳችሁን ማሳከም ብዙ አያስቸግርም። ሐኪሙ የዓይናችሁን ግፊት ይለካል፣ ነርቩን ያያል፣ የእይታ ስፋት ምርመራ ያሠራችኋል፤ ማዘዣውን እሱ ራሱ ለፋርማሲው ይልካል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታዘዘው ማታ ማታ አንድ ጊዜ የሚደረገው ላታኖፕሮስት ነው። ጀነሪኩን ጠይቁ፣ ዋጋው ይቀላል። ጠብታው ከሚታደስበት ቀን በፊት ካለቀባችሁና ኢንሹራንሱ «ገና ነው» ካላችሁ ዝም ብላችሁ ሳታደርጉ አትክረሙ፤ ሐኪሙ ጋ ደውሉ። ግላኮማ ብዙ ጊዜ አያምም፣ አያሳክክም፤ ስታቋርጡት ምንም የቀረባችሁ አይመስላችሁም። የሄደ ብርሃን ግን አይመለስም።

አሁን በመንገደኛ ሻንጣ ወደ አገር ቤት ወደሚላከው ጠብታ ልምጣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አባቴ ዓይናቸው እየደከመ መሆኑን ነገሩኝ። ገንዘብ መላክ ያልቻልኩበት ጊዜ ነበር፤ ውጭ አገር ያለ ልጅ እንዲህ ያለውን እፍረት ያውቀዋል። ስለዚህ የራሴን ጠብታ፣ ክዳኑ ጥቁር ሰማያዊ የሆነውን፣ በመንገደኛ ላክሁላቸው። ውስጡ ዶርዞላሚድና ቲሞሎል አለ። እኔን የረዳኝ ወላጄን ይጎዳል ብዬ እንዴት ላስብ?

አባቴ አስም አለባቸው። ሌሊት ሲያስሉ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አልረሳሁትም፤ ዓይን ላይ የሚንጠባጠብ ነገር ሳንባ ይደርሳል ብዬ ስላላሰብኩ ነው። ለካ ጠብታው በእንባ ቱቦ ወደ አፍንጫ ወርዶ ከዚያ ደም ውስጥ ይገባል። ቲሞሎል ደግሞ አስም ያለበትን ሰው የአየር ቧንቧ ያጠባል፣ የልብ ምትንም ያዘገያል። አባቴ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ለማንም አልተናገሩም። በደወልኩ ቁጥር «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ መድኃኒትህ በጣም ተስማምቶኛል» ይሉኝ ነበር፤ ልጄ ለፍቶ የላከውን እንዴት አልተስማማኝም እላለሁ ብለው። እህቴ አንድ ሌሊት ጉሮሯቸው ሲያፏጭ ሰምታ ሆስፒታል አደረሰቻቸው። ተረፉ።

ከዚያ በኋላ የዓይን ሐኪም አያቸው። ግላኮማ የለባቸውም። ዓይናቸውን ያደከመው ሞራ ነበር፤ ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ይወጣል እንጂ በጠብታ አይለቅም።

ስለዚህ የእናታችሁን ዓይን ከስልክ ላይ አትመርምሩ። «የጎረቤት ልጅ ላከላት፣ አንተ ምን ነካህ?» ቢሏችሁም ቻሉት። ስስታም መባል ያልፋል። መላክ ከቻላችሁ የምርመራውንና የታክሲውን ገንዘብ ላኩ፤ አዲስ አበባ ላሉት ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምናው የታወቀ ነው። አስም፣ የልብ ሕመምና የሚወስዱትን ኪኒን ሁሉ ለሐኪሙ እንዲናገር አብሯቸው የሚሄደውን ሰው አደራ በሉት፤ ወላጆቻችን «ጤነኛ ነኝ» ብለው ነው የሚገቡት።

ጠብታው በትክክል ከታዘዘም በኋላ አደራረጉን አሳዩአቸው። አንድ ጠብታ ብቻ፤ ከዚያ ዓይንን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ሁለት ደቂቃ ያህል ጫን ማድረግ፤ ሌላ ዓይነት ጠብታ ካለ አምስት ደቂቃ መቆየት። መድኃኒቱ ዓይን ውስጥ የሚቀረው፣ ወደ ሰውነት የሚገባውም የሚቀንሰው እንዲህ ሲደረግ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ግላኮማ በቤተሰብ ይሄዳል። ያለባችሁ እናንተ ከሆናችሁ፣ ወላጆቻችሁ፣ ወንድሞቻችሁ፣ እህቶቻችሁና ልጆቻችሁ መመርመር አለባቸው። ዛሬ ደውሉና ይህንን ንገሯቸው፤ የጠብታውን ስም ግን አትንገሯቸው።