የአደን ፈቃድ ገንዘብና የሒሳቡ ቁጥጥር

በካዛንችስና በጠቅላላው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ባሉት ሆቴሎች ሲያርፉ ከኖሩት የውጭ አገር እንግዶች መካከል፣ ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም፣ ወደ አርሲና ወደ ባሌ ተራሮች ለአደን የሚሄዱ ይገኙባቸዋል። እንዲህ ያለው እንግዳ ለንግድ ሰው የሚናቅ አይደለም። ለአውሮፕላን፣ ለመኝታ፣ ለመኪና ኪራይ፣ ለድንኳንና ለስንቅ፣ በመጨረሻም ቀንዱንና ቆዳውን አሽጎ ወደ አገሩ ለሚልክለት አስተላላፊ የሚከፍለው ገንዘብ ተራ ጎብኚ ከሚያወጣው እጅግ ይበልጣል። ነገር ግን አዳኙ ከሚከፍለው ውስጥ አንዱ ክፍል ከሌላው የተለየ ጠባይ አለው። የመኝታው ዋጋ የሆቴሉ ነው፤ የመኪናው ኪራይ የባለመኪናው ነው፤ ስለ ራሱ ስለ አውሬው የሚከፈለው ገንዘብ ግን የማንም ነጋዴ ሳይሆን የሕዝብ ነው። ይህ የሕዝብ ገንዘብ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስና በምን ዐይነት ሒሳብ እንደሚጠበቅ መርምሮ ማወቅ፣ የአደን አስጎብኚነት ፈቃድ ላለው ሰው ብቻ ሳይሆን ግብር ለሚከፍል ነጋዴ ሁሉ ይጠቅመዋል።

የዝሆን ጥርስና ዝባድ ከጥንት ጀምሮ በንግድ መንገድ ወደ ውጭ ይወጡ እንደነበር የታወቀ ነው። አደን ራሱ ግን የጀግንነት ሥራ እንጂ የመንግሥት ገቢ ምንጭ ተብሎ አይቈጠርም ነበር፤ ግዳይ የጣለ ሰው ይፎክራል፣ ይሸለማል እንጂ ደረሰኝ አይቈረጥለትም። አደንን በሕግ ለመወሰን እ.ኤ.አ. በ1944 የአራዊት ጥበቃ ዐዋጅ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ ዩኔስኮ በሰር ጁልያን ሐክስሌ የሚመራ የሊቃውንት ጓድ ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ከዚህ በኋላ በእርሻ ሚኒስቴር ሥር የዱር አራዊት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1969ም አዋሽና ሰሜን ተራሮች በነጋሪት ጋዜጣ ታውጀው ብሔራዊ ፓርኮች ሆኑ።

በዚያው ዘመን ካዛንችስም መልኩን ይለውጥ ነበር። በጣልያን ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው የጣልያን ድርጅት ስሙን የወረሰው ይህ ሰፈር፣ በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ሲመረቅ የአህጉሩ መሰብሰቢያ ሆነ። በ1955 ዓ.ም. በዚሁ አዳራሽ የተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ1968 አባሎቹ በአልጀርስ ተሰብስበው ስለ ተፈጥሮና ስለ ተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ የአፍሪካን ስምምነት እንዲፈራረሙ አድርጓል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንመለስ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 541 የዱር አራዊትን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም ደነገገ፤ በ2000 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 575 ደግሞ ሥራውን የሚመራውን ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት አቋቋመ። በክፍፍሉ ደንብ መሠረት ከአደን ክፍያ 85 በመቶው ለክልሎች፣ 15 በመቶው ለፌዴራል መንግሥት እንዲሆን ተወሰነ። የዚህ ክፍፍል አሳብ ግልጽ ነው። አውሬው የሚውለው ገበሬው ከብት በሚያሰማራበትና እንጨት በሚለቅምበት ጫካ ስለሆነ፣ ገበሬው ጥቅሙን ካላየ ጫካውን የሚጠብቅበት ምክንያት አይኖረውም። ይሁን እንጂ 85 በመቶው የክልል ገቢ ነው ማለት አጋዘኑ በሚውልበት ቀበሌ ትምህርት ቤት ተሠራ ማለት አይደለም። ከክልሉ ግምጃ ቤት እስከ ወረዳው፣ ከወረዳው እስከ ቀበሌው ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ቁጥጥሩም የሚላላው በዚህ መንገድ ላይ ነው።

የሚላላበትን ምክንያት ለመረዳት የመርማሪዎቹን ሥልጣን መመልከት ያሻል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 101 መሠረት የፌዴራሉ ዋና ኦዲተር የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል። አንቀጽ 94ም የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች የሰጠው ድጎማ በትክክል መዋሉን የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። የአደኑ ድርሻ ግን ድጎማ ሳይሆን የክልሉ የራሱ ገቢ ነው፤ ስለዚህ የመመርመሩ ኃላፊነት ወደ ክልሉ ኦዲተር ይዛወራል። አንዱ ኦዲተር የፈቃዱን ወረቀት ያያል፤ ሌላው የወጪውን ሰነድ ያያል፤ አዳኙ ከከፈለበት ቀን አንሥቶ ገንዘቡ በቀበሌው ሥራ ላይ እስከ ዋለበት ቀን ድረስ ያለውን በአንድ ላይ የሚያይ ሰው ግን፣ ሁለቱ ካልተባበሩ በቀር፣ አይገኝም።

ከዚህ የባሰው ችግር በሒሳብ መዝገብ ውስጥ ጭራሽ የማይታየው ነው። ማንኛውም የመንግሥት ንብረት ክፍል እንደሚያውቀው፣ ዕቃ ወደ መጋዘን ሲገባ ሞዴል 19 ይቈረጣል፤ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቈረጣል፤ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ሞዴል 64 ይቈረጣል። ጫካው ግን ገቢና ወጪ የሚመዘግብ ንብረት ያዥ የለውም። ግልገል ሲወለድ የሚቈረጥ ሞዴል 19 የለም፤ አውሬ በበሽታ ወይም በሕገ ወጥ አዳኝ ጥይት ሲሞትም ሞዴል 22 አይቈረጥም። የሚታወቀው ሞዴል 64 ብቻ ነው። ስለዚህ ደረሰኞቹ በሙሉ ተሟልተው ቢገኙና ኦዲተሩ ጉድለት የለም ብሎ ቢፈርም፣ ንብረቱ ሳይጐድል ገንዘቡ ገባ ለማለት ይህ ብቻውን አይበቃም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የደጋ አጋዘን ነው። ይህ አውሬ በኢትዮጵያ ተራሮች እንጂ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኝም፤ የሳይንስ ሰዎች ስም ሰጥተው የመዘገቡትም እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። በፓርኩ ውስጥ አይታደንም፤ እንደ ሙኔሳ፣ እንደ ሐንቶና እንደ ኦዶ ቡሉ ባሉት በቁጥጥር በሚታደንባቸው ቀበሌዎች ግን በፈቃድ ይታደናል። ስለ አንድ አጋዘን የሚከፈለው ዋጋ 15,000 የአሜሪካ ዶላር የደረሰበት ጊዜ ነበር። የአውሬው ቁጥር ስንት ነው ቢባል ግን ሊቃውንቱ ራሳቸው አልተስማሙም፤ ከ2,000 አይበልጥም ያሉ አሉ፤ ወደ 4,000 ይጠጋል ያሉም አሉ።

ነጋዴ የሆነ ሰው እዚህ ላይ እርሳሱን አንሥቶ ያስላ። ለምሳሌ ያህል ከመቶው ሁለት እንዲታደን ቢፈቀድ፣ በመጀመሪያው ግምት 40፣ በሁለተኛው 80 አጋዘን ይሆናል። በዋጋ ሲተመን አንዱ 600,000 ዶላር፣ ሌላው 1,200,000 ዶላር ነው። እውነተኛው ቁጥር 2,000 ሆኖ ሳለ ፈቃዱ በ4,000 ግምት ቢሰጥ፣ የገቢው ሒሳብ በዚያ ዓመት ያማረ ሆኖ ይታያል፤ ነገር ግን መንግሥት ከትርፉ ሳይሆን ከዋናው ገንዘብ እየበላ ነው። የሚታደነው ወንዱ ብቻ ስለሆነ ደግሞ ጠቅላላው ቁጥር ብቻ አይበቃም፤ ወንድና ሴት፣ ሽማግሌና ወጣት ተለይቶ መቈጠር አለበት። ስለዚህ ለቈጠራ የሚመደበው በጀት ሲቀነስ እንደ ቁጠባ መቈጠሩ ስሕተት ነው። ቈጠራው ከተቋረጠ ኦዲተሩ የሚይዘው ወረቀት እንጂ የሚያመሳክርበት ነገር የለውም።

በሌሎች አገሮችም ነገሩ ያለ ችግር አልሄደም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣው የፒትማንና የሮበርትሰን ሕግ፣ ከአደን ጠመንጃና ከጥይት የሚሰበሰበውን 11 በመቶ ቀረጥ ለዱር አራዊት ሥራ ብቻ መደበ። ከአደን ፈቃድ የሚያገኘውን ገቢ ለሌላ ጉዳይ እንዳያውል በራሱ ሕግ ያልወሰነ ክፍለ ግዛት ከዚህ ቀረጥ ድርሻ አያገኝም። ድንጋጌው ብልህ ነው። ቢሆንም ገንዘቡ ለአንድ ሥራ የታሰረ ስለሆነና በየዓመቱ የበጀት ክርክር ስለማያልፍ፣ የሚጠይቀው ሰው ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ምክር ቤት ለአስተዳደር ተብሎ የሚቀነሰው ገንዘብ እንዴት እንደ ዋለ መረመረና፣ በ2000 ሕጉን አሻሽሎ በአስተዳደር ስም ምን ምን ወጪ እንደሚፈቀድ በዝርዝር ወሰነ።

በኢትዮጵያ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 648 የተከተለው መንገድ ተቃራኒውን ነው፤ የመንግሥት ገንዘብ ሁሉ ወደ ተጠቃለለ ፈንድ ገብቶ በበጀት ይከፋፈላል። ይህም ምክር ቤቱ ሁሉን እንዲያይ ይረዳል። ነገር ግን ውኃ ወደ ወንዝ ከገባ በኋላ የየትኛው ምንጭ እንደ ሆነ አይለይም፤ የአጋዘኑም ዶላር እንዲሁ ነው። ከሁለቱ አንዱን መንገድ ፍጹም ነው ማለት አይቻልም። መፍትሔው ፈንዱን መለያየት ሳይሆን ዘገባውን መለየት ይመስላል፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ የአደን ቀበሌ የተቈጠረው፣ የተፈቀደው፣ የተገደለውና የተከፈለው፣ እንዲሁም ለቀበሌው ሕዝብ የደረሰው በአንድ ገጽ ላይ በየዓመቱ ቢታተም፣ አምስቱን ቍጥር ጎን ለጎን ለማየት ኦዲተር መሆን አያስፈልግም።

የነጋዴውም ድርሻ አለ። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ካዛንችስ ውስጥ ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎችና ነጋዴዎች ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወሩ፣ አሮጌ ሰነድ በቀላሉ የሚጠፋበት ጊዜ ነበር። የአደን እንግዳ አስተናግዶ የሚያውቅ ድርጅት የፈቃዱን ቅጂና የደረሰኙን ግልባጭ ከንግድ መዝገቡ ጋር አያይዞ ቢይዝ፣ ኦዲተር በሚጠይቅ ጊዜ ራሱን ያድናል። አስተላላፊውም ቀንዱንና ቆዳውን ከማሸጉ በፊት በፈቃዱ ላይ የተጻፈው አውሬ በደረሰኙ ላይ ከተከፈለበት አውሬ ጋር አንድ መሆኑን፣ አብሮ የሄደው የመንግሥት ስካውትም በመዝገቡ ላይ መፈረሙን ማየት ይገባዋል። ሳጥኑ ከታሸገና ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ከሄደ በኋላ የሚያመሳክር ሰው አይገኝም።