ፋይሉ የማን ነው? በጋራ ሰርቨር ላይ ስለ ፈቃድና ስለ ስም

የመመረቂያ ፕሮጀክትን በቡድን ስንሠራ ፋይሉን አንድ ሰርቨር ላይ አስቀምጦ ከየላቡ መክፈት ይቀላል። በዚህ እትም የምናየው፣ ያ ፋይል የማን እንደሆነ ሰርቨሩ በምን ያውቃል የሚለውን ነው። የሌላ ሰው የወራት ልፋት ሳይታወቅ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነውና።

ሊኑክስ ሰውን በስሙ አያውቀውም። የሚያውቀው ዩአይዲ በሚባል ቁጥር ነው፤ ስሙ ለእኛ ንባብ እንዲመች ከጎን የተጻፈ ነው። በኡቡንቱ የመጀመሪያው አካውንት አብዛኛውን ጊዜ 1000 ይሆናል፤ ቀጣዮቹ 1001፣ 1002 እያሉ ይሄዳሉ። እንግዲህ በአንዱ ላብ መጀመሪያ የአንዲት እህት፣ ቀጥሎ የአንድ ወንድም አካውንት ተከፈተ እንበል። በሌላው ላብ ተራው ተገለበጠ። ሁለቱም ኮምፒውተሮች በየራሳቸው ልክ ናቸው። አንድ ሰርቨር ሲጋሩ ግን የእህት ፋይል በሁለተኛው ላብ የወንድም ሆኖ ይታያል፤ ያነበዋል፣ ሊያጠፋውም ይችላል። ማንም ሰብሮ አልገባም።

ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1984 እ.ኤ.አ. የሠራው ኤንኤፍኤስ በተለመደው አሠራሩ፣ ጠያቂው ኮምፒውተር «ይህ 1001 ነው» ካለው አምኖ ይቀበላል። አማናው በሙሉ የተጣለው በጠያቂው ኮምፒውተር ላይ ነው። ስለዚህ በራሱ ላፕቶፕ ላይ ሩት የሆነ ተማሪ፣ ላፕቶፑ ከሰርቨሩ እንዲገናኝ ከተፈቀደለት፣ የፈለገውን ቁጥር መልበስ ይችላል። ሩት ስኳሽ የሚባለው መከላከያ 0 ቁጥርን ወደ «ማንም» (ብዙ ጊዜ 65534) ይቀይረዋል እንጂ ራሱን 1001 ያደረገን ሰው አያስቆምም። ብዙ ሰው ሩት ስኳሽ ካለ ሁሉም ነገር የተጠበቀ ይመስለዋል፤ አይደለም። አራተኛው የኤንኤፍኤስ ትውልድ የፋይል ባለቤትን በስም መላክ ጀምሯል፤ ሆኖም ኬርቤሮስ ካልተጨመረበት ጠያቂው ማን እንደሆነ የሚታመነው አሁንም በቁጥር ነው።

ፊዩዝ ደግሞ ሌላ መንገድ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ወደ ሊኑክስ ከርነል የገባ ሲሆን ተራ ተጠቃሚ የራሱን ፋይል ሲስተም ማውንት እንዲያደርግ ያስችላል። እንደወትሮው ከተተወ ማውንት ካደረገው ሰው በቀር ማንም አያየውም፤ ሩት እንኳ «ፈቃድ የለህም» ይባላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፋይሉን የሚያቀርበው የተጠቃሚው ፕሮግራም ስለሆነ የሌላውን ሥራ ሊያንጠለጥል ወይም ሊያታልል ይችላል። «አላው አዘር» የሚለው አማራጭ ይህን በር ይከፍታል። «ዲፎልት ፐርሚሽንስ» ካልታከለበት ከርነሉ የፋይሉን ፈቃድ አይመረምርም፤ ለፕሮግራሙ ይተወዋል። በኤስኤስኤችኤፍኤስ ላይ ደግሞ ጥያቄው ሁሉ ሰርቨሩ ዘንድ የሚደርሰው በእናንተ አካውንት ነው፤ በሩን ከከፈታችሁ ሌላው የሚሠራው በእናንተ ስም ነው።

ስሙስ? በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ሆነች። ከተማዋ ከቦታዋ አልተነሳችም፤ ክልልና ዞን ብለን የምንጽፈው አድራሻዋ ግን ተለወጠ። ፋይልም እንዲሁ ነው። ኤንኤፍኤስ ፋይሉን የሚይዘው በመንገዱ ሳይሆን ሰርቨሩ በሰጠው መለያ ስለሆነ፣ ሌላ ሰው ስሙን ቢቀይረውም የከፈታችሁት ፋይል አይጠፋባችሁም። ከሰርቨሩ ላይ ከተሰረዘ ግን መለያው ይሞታል፤ «ስቴል ፋይል ሃንድል» የሚለው መልእክት ይህ ነው። የፋይል መረጃ በጠያቂው ኮምፒውተር ላይ እንደወትሮው ከ3 እስከ 60 ሰከንድ ስለሚቆይም ጓደኛችሁ አሁን የጻፈው ወዲያው ላይታያችሁ ይችላል። ዋስትናው እሱ ፋይሉን ከዘጋ በኋላ እናንተ ስትከፍቱት ነው።

በየኮምፒውተሩ «አይዲ» የሚለውን ትዕዛዝ ጽፋችሁ ቁጥራችሁን አስተያዩ። ከተለያየ የላቡ ኃላፊ ዘንድ ሂዱ፤ ቁጥሮችን እንደ ኤልዳፕ ባለ አንድ መዝገብ ማስተዳደር ይቻላል። የአካውንት ቁጥር ሲቀየር የቀድሞ ፋይሎች የያዙት አሮጌውን ቁጥር ስለሆነ ባለቤትነታቸው አብሮ መታረም አለበት። የተመራቂ አካውንት ሲሰረዝም ፋይሎቹን አስቀድሞ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ያ ቁጥር በመስከረም ለሚገባ አዲስ ተማሪ ሊሰጥ ይችላልና።